መቅደላን እየጠየቅን ኮረምን ለምን እንጥላለን?

የወሎ ሰዎች ሆይ፣ በሠርግ ድንኳን፣ በየመድረኩና በቴሌቪዥን መስኮት አንድ ነገር መላልሰን ስንናገር ኖረናል። ወሎ የፍቅር አገር ነው፤ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ድንኳን ለቅሶ የሚቀመጥበት፣ አባቱ መሐመድ ልጁ ገብረ ማርያም የሚባልበት፣ እንግዳ ማንነቱ ሳይጠየቅ ቡና የሚቀርብለት አገር ነው። አልዋሸንም። ነገር ግን ይህ መቀላቀል እንዴት ሆነ? ማን ከየት መጥቶ ከማን ተጋባ? ማንስ ወጥቶ ቀረ? ይህን የሚጠይቅ ልጅ ሲነሣ «የቆየ ነገር አትቀስቅስ» ብለን አፉን እናስይዘዋለን። ሙዚየሞቻችንም ይህንኑ ዝምታ ይዘው ተቀምጠዋል።

ገብታችሁ እዩ። (አብዛኞቻችሁ ደጃፉን የረገጣችሁት ተማሪ ሳላችሁ አስተማሪ ነድቷችሁ እንደ ሆነ ዐውቃለሁ።) ጎራዴ አለ፣ ጋሻ አለ፣ ብራና አለ፣ የመሳፍንት ካባ አለ፣ ሞፈርና ቀንበር አለ። እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚከፈት ሳሎን ይመስላል፤ የሚያሳፍረው ሁሉ ወደ ጓዳ ተገፍቷል። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ወሎዬ እዚያው በቅሎ እዚያው የኖረ፣ ማንም ያልመጣበት፣ የትም ያልሄደ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ወሎዬ ግን ኖሮ አያውቅም።

በጣም ከምንጮኽበት ነገር እንጀምር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ይዞ የዘረፈውን ዕቃ ደላንታ ሜዳ ላይ ዘርግቶ በጨረታ ሸጠው። ከጦሩ ጋር ሪቻርድ ሆምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ አብሮ መጥቶ ነበርና ለሙዚየሙ የሚሆነውን መርጦ ገዛ። የወርቁ ዘውድ ዛሬ ለንደን ውስጥ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይታያል፤ ታቦታቱ በብሪቲሽ ሙዚየም ተዘግቶባቸዋል። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም አብሮ ተወሰደ። እናቱ በመንገድ ሞተች፤ እርሱም በ18 ዓመቱ በሰው አገር ዐርፎ በዊንዘር ተቀበረ። ይመለስ እንላለን። እኔም ይመለስ ከሚሉት ጋር ነኝ።

እስቲ አሁን ንገሩኝ፤ በ1977 ረኃብ እናቶቻችን ከእርዳታ ጣቢያ እህል የተቀበሉበት ካርድ የት ደረሰ? ስንዴው የመጣበት ጆንያስ? ልጅ ከሰፈራ ጣቢያ ለአባቱ የላከው ደብዳቤስ? ካርዱ እሳት ማቀጣጠያ ሆነ፤ ጆንያው በርበሬ ሲሰጣበት አለቀ፤ ደብዳቤውን አይጥ በላው። ይህን ማንም ጦር አልዘረፈንም። የጣልነው ራሳችን ነን፤ የጣልነውም ስላፈርንበት ነው።

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል ቡርክ ስለዚያ ረኃብ ከኮረም ያቀረበው ዘገባ ዓለምን ሲያስደነግጥ ኮረም በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ያን ፊልም በየዓመቱ መታሰቢያ ሲደረግ እናየዋለን፤ ብርድ ልብስ የተከናነቡት ሰዎች ያልፋሉ፣ ያልፋሉ፣ አንድም ስም አይጠራም። ፊልሙ ያለው ቢቢሲዎች ዘንድ ነው። ስሞቹ ግን የነበሩት እኛ ዘንድ ነው፤ የዚያች ሴት መንደር የት እንደ ነበረ፣ ያቀፈችው ልጅ ተርፎ እንደ ሆነ የሚያውቁት የእኛ ሽማግሌዎች ናቸው። ከእነርሱ አፍ ቀርጸን ሳናስቀምጥ አንድ በአንድ ቀበርናቸው።

ከኮረምም በከፋ ሁኔታ የተውነው ነገር ደግሞ ሰፈራው ነው። ደርግ በ1977 እና በ1978 ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ገደማ ሰው አንሥቶ ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ አሰፈረ። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የወሎ ሰው ነበር። ረኃቡን ሸሽቶ በፈቃዱ የተሳፈረ አለ፤ እህል ይሰጣል ተብሎ ሄዶ መኪና ላይ የተጫነ፣ ከገበያ ታፍሶ የተወሰደም አለ። ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ ተለያየ። የደጋ ሰው ወባ ወዳለበት ቆላ ወርዶ ብዙው አለቀ፤ ከብት ላርባ ያለውንም ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ቀደመው። ጥቂቱ ጫካ ለጫካ በእግሩ ተጉዞ አገሩ ሲገባ መሬቱን ሌላ ሰው ይዞት አገኘ። የቀረው ግን በቆሎ ዘርቶ፣ ከጎረቤቱ ኦሮሞ፣ ከጉሙዙና ከከፋው ጋር ተላምዶ፣ ልጅ ወልዶ ኖረ። ሠርግና ለቅሶውን ወሎ እንዳየው አደረገ። እኛስ ስለ እርሱ ምን አደረግን? አንድ ፎቶግራፍ፣ አንድ ካርታ፣ አንድ ከንፈር የተመጠጠበት ግድግዳ የት አለን?

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የዚያ ሰፋሪ ልጆችና የልጅ ልጆች ከወለጋ «መጤ» ተብለው፣ ሰው ተገድሎባቸው፣ ቤት ተቃጥሎባቸው ወደ እኛ መጡ። ሐይቅ አጠገብ ጃሪ መጠለያ የገቡትን አይታችኋል፤ ልብስም እህልም የሰጣችሁ አላችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ አላህ ይቀበላችሁ። የሰጣችሁት ግን ለእንግዳ እንደሚሰጥ ነው። ያ ልጅ አያቱ ከአምባሰል ወይም ከወረኢሉ በጭነት መኪና እንደ ተነሣ የሚነግረው አንድ የሕዝብ ቤት በመላው ወሎ የለም። በተወለደበት መጤ ተባለ፤ አያቱ በተወለደበት ተፈናቃይ ተባለ።

ቆይ፣ ጣታችንን ወደ ወለጋ ብቻ አንቀስር። «መጤ» የሚለው ስድብ እኛም ዘንድ አለ። በ2013 በአጣዬና በከሚሴ ዙሪያ ደም በፈሰሰ ጊዜ «እነዚህ መቼ የመጡ ናቸው» ሲባል ሰምታችኋል፤ ያላችሁም አላችሁ። ቤተ አምሐራ ይባል የነበረው አገር ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ኦሮሞው ገብቶበት፣ ተዋልዶበት፣ ስሙንም ሰጥቶት ወሎ ሆነ። የወረ ሂመኖ ባላባቶች ከዚያ ወገን ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ኢማም መሐመድ ዓሊ ነው። እርሱም በ1870 አፄ ዮሐንስ አራተኛ ስለ ሃይማኖት ከጠሩት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ፤ በ1906 ንጉሥ ሆነ፤ እኛ ለእንግዳ የምናስጎበኘውን የደሴውን አይጠየፍ አዳራሽ አሠራ። አርጎባው ሾንኬ ተራራ ላይ ቤቱን በድንጋይ ሠርቶ አለ። አፋሩ ግመሉን እየነዳ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ማንን ነው መጤ ብላችሁ የምታስወጡት? ብታስወጡስ የሚቀረውን ምን ብላችሁ ልትጠሩት ነው?

ቦሩ ሜዳን ካነሣን ደግሞ ሙሉውን እናንሣ። እስላሙ በተቆረጠለት ጊዜ ካልተጠመቀ አገር ይልቀቅ ተባለ፤ የወሎው የእስልምና ሊቅ ሼህ ጦልሃ አመፁ፤ ብዙ ሰው ሃይማኖቱን ይዞ ተሰደደ። ይህን ማውራት ፍቅራችንን ያፈርሳል ብላችሁ ትፈራላችሁ። እኔ ደግሞ እንዲህ እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ተመልሶ አብሮ ለመብላት የበቃ ሕዝብ የሚኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ቁስሉን ደብቆ ግን ስለ መዳኑ ሊያወራ አይችልም።

ስለ ዐረብ አገሩ ጉዞ ብዙ አልልም፤ በየቤታችሁ አለ። በአፋር በረሃ አቋርጦ ጅቡቲ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ የወሎ ልጅ በየአውሮፕላኑ ነበረ። በልጅቱ ገንዘብ የተሠራውን ቆርቆሮ ቤት ለጎረቤት እናሳያለን፤ መንገዱን እንደብቃለን።

እንዲህ ያለውን ታሪክ ማሳየት ለሌላውም አልቀለለውም። ፈረንሳዮች የስደት ታሪክ ሙዚየማቸውን በፓሪስ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ያውም በ1931 ለቅኝ ግዛት ኤግዚቢሽን በተሠራ ቤተ መንግሥት ውስጥ። የጊዜው ፕሬዚዳንት ኒኮላ ሳርኮዚ ሊመርቁት አልመጡም፤ በወጉ የተመረቀው በ2014 በፍራንሷ ኦላንድ ነው። መንግሥት እንኳ ያፈረበት ቤት ነበር ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ክፍሉን ወድጄዋለሁ፤ ተራው ሰው አባቱ ይዞት የመጣውን ሻንጣ፣ የሥራ ልብስ፣ የምግብ ዕቃ ከነታሪኩ ሰጥቶ የሚያስቀምጥበት ክፍል ነበር። ዕቃው ዋጋ አያወጣም፤ የሰጪው ስም ግን አጠገቡ ተጽፎ ነበር።

የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተዘረፈ፣ ተሰባበረ። አዝነናል። አሁን ደግሞ የተዘረፈውን ጎራዴ በሌላ ጎራዴ ለመተካት ገንዘብ እንለምናለን። ጎራዴው ይምጣ፤ ነገር ግን አንድ ክፍል ባዶ ይተውልን። የባህልና ቱሪዝም ሰዎች፣ ዕቃ ስትቀበሉ «ታሪካዊ ነው ወይ» ብላችሁ አትመልሱ፤ የሰጪውን ስምና ቀበሌ መዝግቡ፣ ዕቃውን መለየት ለማይፈልግም ፎቶግራፍ አንሥታችሁ መልሱለት። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን አትበሉ፤ መቅረጫ ይዛችሁ ጃሪ ውረዱ፣ ከዚያም መተከል ድረስ ሂዱ። ከሳዑዲ የተመለሳችሁ ልጆች፣ ያችን በባሕር ውኃ የተበላሸች የስልክ ቁጥር ማስታወሻ አትጣሏት። መግለጫው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአርጎብኛና በአፋርኛ ይጻፍ። ሽማግሌዎቹን ግን ክፍሉ እስኪሠራ ድረስ አታቆዩአቸው፤ በ1977 ሃያ ዓመቱ የነበረ ሰው ዛሬ ከስድሳ ተሻግሯል።