ሰይፉን ከሰገባው ለማያወጡ ጥንቁቆች የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ሳምንት መጽሐፍ ቅዱስ እናጠናለን ተብለን በአንድ ቤት ተሰብስበን ነበር። መጽሐፉ ነበረ፣ እኛም ነበርን፤ ያልነበረው ጥናቱ ብቻ ነው። ካለን ጊዜ አርባ ደቂቃ ያህሉ መጽሐፉን ፎቶግራፍ በማንሣት አለፈ። ይህን ስትሰሙ እንደማትደነግጡ ዐውቃለሁ፤ የእናንተም ስልክ ገና ጎሕ ሳይቀድ በዚሁ ምስል ይሞላልና፤ የተከፈተ መጽሐፍ፣ አጠገቡ እንፋሎት የሚተንበት ኩባያ፣ ከሥሩም «ቃሉ ሕይወቴ ነው» የሚል ጽሑፍ። እኔ በዚያ ምሽት ለጊዜው ተናድጄ ነበር። በኋላ ነገሩን ሳሰላስለው ግን የተሳሳትሁት እኔ እንደ ሆንሁ ገባኝና ይህን ምስጋና ለመጻፍ ተነሣሁ።

ወደ ዕብራውያን ሰዎች የተላከው መልእክት በምዕራፍ 4 ቁጥር 12 «የእግዚአብሔር ቃል ሕያው ነውና፥ የሚሠራም፥ ሁለትም አፍ ካለው ሰይፍ ሁሉ ይልቅ የተሳለ ነው» ይላል። ሌሎቻችን ይህን እንደ አንድ ያማረ አባባል ሰምተን እናልፈዋለን። በቁም ነገር የወሰዱት እነዚህ ጥንቁቅ ወገኖቻችን ብቻ ናቸው። ሁለት አፍ ያለው የተሳለ ሰይፍ፣ ያውም ሕያው የሆነና በራሱ የሚሠራ፣ ቤተሰብ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ራቁቱን ይቀመጣል? አይቀመጥም። ስለዚህ ሰገባ አበጁለት። ሰገባው ከለስላሳ ቆዳ የተሠራ ነው፤ በላዩ መስቀል በወርቅ ቀለም ታትሞበታል፤ ለመያዣ የሚሆን ማንገቻ አለው፤ ዙሪያውን የሚዞረው ዚፕ ደግሞ ከሙሴ እስከ ዮሐንስ ያለውን ሁሉ በአንድ ጕተታ ዝም ያሰኛል። የቅጠሎቹ ጠርዝ በወርቅማ ቀለም የተለበጠ በመሆኑ ገጾቹ እርስ በርሳቸው እንደ ተጣበቁ ዓመታትን ያስቆጥራሉ። በእርግጥ እንዲህ ባለው ቤት ቃሉ አለ። መኖሩን ሁሉም ሰው ያያል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ደግሞ ጥንቃቄያቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ታሪክ በቸልታ ሰይፉን በመዘዙ ሰዎች ጉዳት የተሞላ ነው። በግብፅ ይኖር የነበረው ወጣቱ እንጦንስ አንድ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ወንጌል እየተነበበ ነበር። ሃብታሙን ወጣት ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ የሚለውን ቃል ሰማ፤ ለእኔ የተነገረ ነው ብሎም ከወላጆቹ የወረሰውን ለም መሬት አከፋፍሎ ወደ በረሃ ወረደ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰምቶ! አውግስጢኖስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ386 በሚላኖ በአንድ የአትክልት ስፍራ ሳለ «አንሥተህ አንብብ» የሚል የልጅ ድምፅ ሰማና የጳውሎስን መልእክት ገልጦ ወደ ሮሜ ሰዎች ምዕራፍ 13 ላይ ያገኘውን ሁለት ቁጥር አነበበ፤ ብዙም ሳይቆይ የንግግር ጥበብ መምህርነቱንም የጋብቻ ዕቅዱንም ተወው። የይሁዳው ንጉሥ ኢዮስያስም ጸሐፊው ሳፋን የሕጉን መጽሐፍ ሲያነብለት ልብሱን ቀደደ። (ያ መጽሐፍ ጠፍቶ የኖረው የት እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ? በራሱ በቤተ መቅደሱ ውስጥ ነው። የኛ ጥንቁቆች የዘር ሐረግ ረጅም ነው።) አንዱ መሬቱን አጣ፣ አንዱ ሥራውን ተወ፣ አንዱ ልብሱን ቀደደ። ዚፑን ሳይከፍት የኖረ ሰው ግን መሬቱም ሥራውም ልብሱም ደኅና ነው።

ይህ ጥበብ እንዴት እንደሚከናወን በዓይኔ ስላየሁ በዝርዝር ልመስክር። ጋባዣችን በመጀመሪያ መጽሐፉን በትክክል ከመካከሉ ከፈቱት፤ የተጣበቁት ገጾች ሲላቀቁ የደረቀ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማውን ዐይነት ድምፅ አሰሙ። ከመካከል የተከፈተው ሁለቱ ወገን እኩል ሆኖ እንዲተኛ ነው። በመካከል ደግሞ ዘወትር መዝሙረ ዳዊት ስለሚገኝ፣ ምስኪኑ መዝሙር በየማለዳው ፎቶግራፍ ሲነሣ፣ አንድ ምዕራፍ ብቻ ያለው ነቢዩ አብድዩ ካሜራ ምን እንደ ሆነ እንኳ ሳያውቅ አለ። ቀጥሎ መነጽር መጣ። የማን መነጽር እንደ ሆነ ጠይቄ ነበር፤ የማንም እንዳልሆነና ለዚሁ አገልግሎት የተቀመጠ እንደ ሆነ ተነገረኝ። መነጽሩ በግራው ገጽ ላይ፣ አንባቢው አሁን ከዕንባ ብዛት አውልቆት የሄደ እስኪመስል ድረስ ጠመም ብሎ ተቀመጠ። ከመነጽሩ በስተ ቀኝ ብዕር ተጋደመ። ብዕሩ ወደ ገጹ ጫፍ ማመልከት አለበት ወይስ ወደ ኩባያው በሚለው ላይ ሁለት ሰዎች አልተስማሙም፤ በክርክሩ የታየው ትጋት አብያተ ክርስቲያናትን ለመክፈል ይበቃ ነበር።

ከዚያ የኩባያው ጉዳይ ተነሣ። ኩባያው ባዶ ነበር፤ ባዶ ኩባያ ደግሞ እንፋሎት አያወጣም። ውሃ ተፈላ። ውሃው ሲመጣ ስልኩ አልተዘጋጀም፤ ስልኩ ሲዘጋጅ እንፋሎቱ ጠፋ። ውሃው እንደ ገና ተፈላ። በሁለተኛው ጊዜ የአንዱ እንግዳ ጥላ በገጹ ላይ ወደቀ፤ እንግዳውም ይቅርታ ጠይቆ ከነወንበሩ ወደ ግድግዳው ተሰደደ። ለሦስተኛ ጊዜ ውሃ እስኪፈላ ድረስ አንድ አስተዋይ ወጣት፣ ገጹ ያልተነካ መስሎ ከታየ ሰው ምን ይላል የሚል ሐሳብ አቀረበና ማርከር ተፈለገ። ቢጫና ሮዝ ተገኘ። ጋባዣችን አንድ መስመር በቢጫ፣ አንድ መስመር በሮዝ፣ ሁለት መስመር እየዘለሉ ቀለም ቀቡ። ምን የሚል መስመር እንደ ሆነ አላነበቡም፤ ቀለም እስኪደርቅ ማን ያነባል? በዚህ መካከል እኔ ሞኙ እጄን ዘርግቼ «እስቲ የተከፈተውን እናንብበው» አልሁ። ጋባዣችንም ልጅ ከእሳት እንደሚያርቁ ሁሉ እጄን በትሕትና መልሰው «እባክህ አትንካው፣ ቦታው ይበላሻል» አሉኝ።

ይህ ሁሉ ያስታወሰኝ የጥንቱን የእስክንድርያ መምህር ኦሪገንን ነው። በ3ኛው መቶ ዘመን በኦሪት ዘጸአት ላይ በሰጠው አንድ ስብከት ምእመናኑን፣ የጌታን ሥጋ ስትቀበሉ ቅንጣት እንኳ እንዳትወድቅ እጅግ ትጠነቀቃላችሁ፤ ታዲያ ቃሉን ቸል ማለት ሥጋውን ቸል ከማለት ያነሰ በደል እንዴት ይመስላችኋል ሲል ጠይቋቸዋል። ሰውየው የዘመናችንን መፍትሔ አላወቀም። ከመጀመሪያው ምንም ነገር ካልተወሰደ ምንም ነገር አይወድቅም።

በሌላ ወገን ደግሞ ሰይፉን ሙሉ በሙሉ ከመተው ይልቅ ስባሪውን ለሰው የሚያድሉ ቸሮች አሉ። ለእነዚህ የተለየ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ጥቅስን ከነበረበት ነቅሎ ማቅረብ ቀላል ሙያ አይደለምና። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ላይ ዲያብሎስ ጌታን በቤተ መቅደስ ጫፍ አቁሞ ከመዝሙር 91 ጠቅሶለታል፤ ጥቅሱ በመዝሙሩ ውስጥ ያለ ነው፣ ጐድሎ የነበረው ሐቀኝነቱ ብቻ ነው። የዛሬዎቹ ቸሮች የሚወዱት ጥቅስ ግን ሌላ ነው። በዚያ ምሽት በስብሰባው መካከል ሚስቱን ከቀበረ ሦስት ወር ያልሞላው ሰው ነበረ። ውሃው ለሁለተኛ ጊዜ ሲፈላ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። በሐዘኑ ሳምንት ከተላኩለት መልእክቶች የሚበዙት አንድ ናቸው፤ ኤርምያስ 29 ቁጥር 11፣ እግዚአብሔር ለክፉ ያልሆነ የሰላም አሳብ፣ ፍጻሜና ተስፋ እንደሚሰጥ የሚናገረው ቃል፣ በምትጠልቅ ፀሐይ ላይ፣ በባሕር ዳርቻ ላይ፣ በቢራቢሮ ክንፍ ላይ። ጥቅሱን ከላኩለት አንዱም ስልክ አልደወለለትም።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። ያ ጥቅስ የቢራቢሮ ጌጥ አይደለም። ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የጻፈው ደብዳቤ ነው፤ አንድ ቁጥር ከፍ ብሎ ደግሞ የሰባ ዓመት ቀጠሮ አለበት። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆች ውለዱ፣ ስለ ተማረካችሁባትም ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላል። ደብዳቤው ሲነበብ ቆመው ከሰሙት ጎልማሶች አብዛኞቹ ተስፋውን በዐይናቸው ሊያዩት እንደማይችሉ ያውቁ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉ ነገር ይስተካከላል ብሎ በኢየሩሳሌም የሰበከው ሐሰተኛው ነቢይ ሐናንያ ነው፤ ታሪኩ ከዚያው በፊት ባለው ምዕራፍ ውስጥ ተጽፎአል። ለሐዘንተኛ ሰው የኤርምያስን ቃል በሐናንያ ልብ መላክ ማጽናናት አይባልም፤ ሰውየውን በፍጥነት ዝም እንዲል መጠየቅ ነው። አንብባችሁ ቢሆን ኖሮ ጥቅሱን ይዛችሁ ወደ ቤቱ ትሄዱና አብራችሁት ትቀመጡ ነበር፤ ረጅም ምርኮ ለብቻ አይቻልምና። እንግሊዛዊው ተርጓሚ ዊልያም ቲንዴል ይህን መጽሐፍ ተራ ሰው በራሱ ቋንቋ እንዲያነብበው ሲደክም ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1536 ታንቆ ተገደለ፣ በድኑም ተቃጠለ። የተቃጠለው መጽሐፉ እንዲነበብ ነው፤ በቢራቢሮ ላይ እንዲለጠፍ አይደለም!

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ንጉሡን ኢዮአቄምን ስንወቅስ የኖርነው ያለ አግባብ ይመስለኛል። በኤርምያስ 36 እንደምናነብበው፣ በክረምት ቤቱ ሆኖ እሳት እየሞቀ፣ ይሁዲ የተባለው ሰው ከኤርምያስ ጥቅል መጽሐፍ ሦስትና አራት ዓምድ ባነበበ ቍጥር ንጉሡ በጸሐፊ ቢላዋ እየቀደደ ወደ እሳት ይጥለው ነበር። ክፉ ሥራ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ከመቅደዱ በፊት ይሰማ ነበር። መጽሐፉ ሕያው እንደ ሆነና እንደሚናከስ ዐውቆአል፤ የሞተ ነገር ማንም አያቃጥልም። የኛዎቹ ከእርሱ ይልቅ የዋሆች ናቸው፤ ቢላዋም እሳትም አያስፈልጋቸውም፤ ወርቃማው ጠርዝና ዚፑ ይበቃቸዋል።

ወደዚያ ምሽት ፍጻሜ ልመለስ። ውሃው ለሦስተኛ ጊዜ እስኪፈላ ስንጠብቅ፣ ከጥግ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት አረጋዊት ተነሥተው ማንንም ሳያስፈቅዱ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። ጋባዣችን ዕድሜያቸውን ፈርተው ዝም አሉ። እናታችን ያንን የማንም ያልሆነ መነጽር ከገጹ ላይ አነሡና ወደ ጎን አኖሩት፤ የራሳቸውን ከደረታቸው አውጥተው አጠለቁ፤ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አኑረው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። የተከፈተው መዝሙር 88 ነበር። ከመዝሙሮች ሁሉ እንደ እርሱ የጨለመ የለም፤ በአብዛኞቹ የምሬት መዝሙሮች መጨረሻ ላይ የምትመጣው የምስጋና መስመር በዚህኛው አትመጣም። ሌሊትና ቀን መጮኽ፣ ወደ መቃብር መቅረብ፣ የወዳጆች መራቅ፣ በመጨረሻም ጨለማ፤ በዚያው ያበቃል። ሮዙ ቀለም ያረፈው ስለ ጕድጓድ በሚናገረው መስመር ላይ ነበር። ሆኖም ይህ ሁሉ ጩኸት ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ «የመድኃኒቴ አምላክ» ለተባለው አንድ ሰሚ የሚነገር ነው፤ ጸሐፊው እስከ መጨረሻው ድረስ ፊቱን ወደ ሌላ አላዞረም።

አንብበው ሲጨርሱ ማንም አሜን አላለም። የስልኩም መብራት ጠፍቶ ነበር። ሐዘንተኛው ሰው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቆየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ «እናቴ፣ ቁጥሩ ስንት ነው?» አላቸው።

«ሰማንያ ስምንት ነው፣ ልጄ» አሉት፤ መነጽራቸውንም እያወለቁ።

ጋባዣችን ይህ ገጽ ለማለዳ እንደማይሆን ተናግረው ወደ 23ኛው ሊገልጡ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ሰውየው ከመጽሐፉ ጎን የተጋደመውን ብዕር አንሥቶ በመዳፉ ላይ ሊጽፍ ሞከረ። ብዕሩ ቀለም አልነበረውም። ሮዙን ማርከር አነሣና በግራ መዳፉ ላይ 88 ብሎ ጻፈ። ከወጥ ቤት ደግሞ ውሃው ፈልቶአል የሚል ድምፅ ተሰማ።