እርማት፦ «ጎበዝ ነርስ አይጠይቅም» ስለሚባለው

«ጀማሪ ነርስ ደጋግሞ ከጠየቀ አልበቃም ማለት ነው» የሚለው አባባል ስህተት ነው። የሚያስፈራውስ የማይጠይቀው ነው። ኢንሱሊንን እንይ፦ የተለመደው ብልቃጥ በ1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ይይዛል። ስለዚህ 10 ዩኒት ማለት 0.1 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የኢንሱሊን መርፌውን ትቶ በተራ ሲሪንጅ 1 ሚሊ የቀዳ ሰው አሥር እጥፍ ሊሰጥ ነው፤ በተለይ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል፣ ዓይን ሲከብድ።

ታዲያ አጠያየቅም አለው። «10 ነው አይደል?» ብሎ ሲሪንጁን ማሳየት ማጣራት አይባልም፤ ባልደረባ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ባልደረባው መልሱን ሳይሰማ የሐኪሙን ትዕዛዝ ራሱ ያንብብ፣ ራሱ ያስላ፣ ከዚያ ብልቃጡና ሲሪንጁ ይታዩ። ለሐኪም ሲደወል ደግሞ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ ሙቀትና ኦክስጅን አስቀድሞ ተለክቶ በእጅ ይሁን።