እጅ አልታዘዝ ባለ ቀን

ዳርት፣ ማለትም ትንንሽ ቀስቶችን ቁጥር ወደተጻፈበት ክብ ሰሌዳ የመወርወር ጨዋታ፣ የሚወድ ጓደኛ አለኝ። አንድ ተጫዋች ሲንገዳገድ ቆይቶ ካሸነፈ «ዕድል ነው ያወጣው» ይላል። በዚህ ጉዳይ ተስማምተን አናውቅም።

እንግሊዛዊውን ተጫዋች ሉክ ሃምፍሪስን እንይ። ለንደን ውስጥ አሌክሳንድራ ፓላስ በተካሄደው የ2024 የዓለም ሻምፒዮና፣ ሦስተኛው ዙር ላይ በጀርመናዊው ሪካርዶ ፒየትሬችኮ 3 ለ 1 ተመርቶ ነበር። እንደ ምንም ብሎ 4 ለ 3 ወጣ። ቀጥሎ ጆ ከለንን ያሸነፈውም በመጨረሻዋ ጨዋታ ነው፣ ያውም ነፍሱ ጉሮሮው ላይ ደርሳ። በእነዚያ ቀናት ሃምፍሪስ ሻምፒዮን አይመስልም ነበር።

ግን ዳርት ላይ ማማር ብቻውን ነጥብ የለውም። ሁለቱም ተጫዋቾች ከ501 ተነስተው እየቀነሱ ይወርዳሉ። ዜሮ ላይ የሚያደርሰው የመጨረሻው ውርወራ የግድ ደብል (ቁጥሩ እጥፍ የሚቆጠርበት ጠባብ ቀለበት) ወይም የሰሌዳው መሀል ያለችው ቀይ ነጥብ ላይ ማረፍ አለበት። 180ን፣ በሦስት ውርወራ የሚገኘውን ከፍተኛ ነጥብ፣ ደጋግመህ ጥለህ ደብሉን ከሳትክ፣ ከኋላህ ሲያዘግም የነበረው ሰውዬ ጨርሶ ይሄዳል።

ስለዚህ እጁ እምቢ ያለው ሰው በጭንቅላቱ ይጫወታል። ትሪፕል 20 (ቁጥሩ ሦስት እጥፍ የሚቆጠርበት ቦታ) አልገባ ሲለው ወደ ትሪፕል 19 ይወርዳል። ከ60 ወደ 57፣ የሚቀርበት ሦስት ነጥብ ብቻ ነው። ደግሞ የ20 ጎረቤቶች 1 እና 5 ናቸው፤ የ19 ግን 3 እና 7። መሳትህ ካልቀረ፣ ስትስትም እዚህ ይሻላል።

መጨረሻ ላይም እንዲሁ። ብዙዎች 32 እንዲቀርላቸው የሚፈልጉት ወደው አይደለም። ደብል 16ን ስተህ ነጠላው 16 ላይ ብታርፍ ደብል 8 ይጠብቅሃል። ከዚያ ደብል 4፣ ደብል 2፣ ደብል 1። በ40 ብትጀምር ግን 20፣ 10 እያልክ ወርደህ 5 ላይ ትቀራለህ። 5 ደግሞ ለሁለት አይካፈልም። አንድ ውርወራ ለማስተካከያ ብቻ ይባክናል። እንዲህ አስቦ መሳትን ዕድል ማለት ይከብደኛል።

በእርግጥ ተጋጣሚህም መሳት አለበት፤ ይህን አልክድም። በፍጻሜው የ16 ዓመቱ ሉክ ሊትለር 4 ለ 2 እየመራ፣ 5 ለ 2 የሚያደርገውን ደብል 2 ሳተ። ሃምፍሪስ ከዚያ በኋላ አምስቱን በተከታታይ ወስዶ 7 ለ 4 ዋንጫውን አነሳ። ጓደኛዬ ያንን ምሽት እንደ ትናንት ያወራዋል። የፒየትሬችኮውን ግጥሚያ ግን አላየውም፤ ተኝቶ ነበር።