«ስንት አመጣ?» የማይባልበት አገር

በዲሲ ዙሪያ የሚኖር ሐበሻ ልጁ 12ኛ ክፍል ከገባለት ከመስከረም እስከ ገና ሌላ ወሬ የለውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ማኅበር ላይ፣ አሌክሳንድሪያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ወላጆች ጥግ ይዘው የሚያወሩት ስለ ኮሌጅ ማመልከቻ ነው። መሐል ላይ አንዱ ወይም አንዷ «አሁን እኮ ፈተና ቀርቷል፣ ያለ ኤስኤቲ ይገባሉ» ይላሉ (ኤስኤቲ የአሜሪካ ኮሌጆች ለቅበላ የሚያዩት ፈተና ነው)፤ ሁሉም እፎይ ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ያ ግማሽ እውነት ግን ልጆቻችንን እየጎዳ ነው ባይ ነኝ።

እኛ ያደግነው በማትሪክ ነው። ውጤት የወጣ ቀን ሰፈሩ በሙሉ «ስንት አመጣ?» ይላል፤ አንዳንዷ እናት ከልጇ ቀድማ ከጎረቤት ትሰማለች። ዛሬ አገር ቤት ያለው ልጅ የባሰ ገጥሞታል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ነው። ልጁ ፍራሽ አንጥፎ ከማያውቀው ሰው ጋር ያድራል፤ ስልክ ይዞ መግባት አይቻልም። መንግሥት ይህን ያመጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ተበትኖ፣ ተሰርዞ እንደገና ተሰጥቷል፤ ከዚያም ወዲህ ኩረጃው ዓይን ያወጣ ሆኖ ነበር። አሠራሩ በተቀየረበት ዓመት ታዲያ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከቀሩት የተወሰኑት ሪሚዲያል (ማካካሻ ትምህርት) ገቡ፣ ሌላው ወደ ቤቱ። ትምህርት ቤታቸው የሒሳብ መምህር ነበረው ወይ፣ ጦርነቱ ስንት ጊዜ ዘግቶታል ብሎ ከቁጥሩ ጎን የጻፈ የለም። ቁጥሩ ብቻ ተለጠፈ።

ከዚያ ለመጣ ወላጅ «ፈተና የግድ አይደለም» የሚለው የአሜሪካ ወሬ ምሕረት ይመስለዋል። ነገሩ ግን አዲስም፣ ቋሚም አይደለም። ሜይን ግዛት ያለው ቦውደን ኮሌጅ የፈተና ውጤት ማስገባትን በፈቃደኝነት ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ለረጅም ዘመን የትናንሽ ኮሌጆች ነገር ሆኖ ቆይቶ፣ በ2018 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባበት ትልልቆቹ ዞር ብለው አዩት። በ2020 ኮሮና የፈተና ጣቢያዎችን ሲዘጋ አብዛኛው በአንድ ጊዜ ተከተለ። እኛ ወሬውን የሰማነው ያኔ ነው፤ እዚያው ላይ ቆምን። ኤምአይቲ ግን በ2022 ፈተናውን መለሰ። በ2024 ደግሞ ዳርትማውዝ፣ ዬል፣ ብራውን፣ ሃርቫርድ፣ ካልቴክና የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ተከታትለው «ውጤት አምጡ» አሉ (ዬል በኤስኤቲ ፋንታ ኤፒ ወይም አይቢ የሚባሉትን የሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ትምህርቶች ፈተና ውጤትም ይቀበላል)። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ እነ በርክሌይና ዩሲኤልኤ፣ በተቃራኒው ጭራሽ አያዩም፤ ብትልክላቸውም አያነቡትም።

የዘመድ ስልክ ጉዳት የሚያደርሰው እዚህ ላይ ነው። ሎስ አንጀለስ ያለችው እኅት «የእኔ ልጅ ያለ ፈተና በርክሌይ ገባች፣ ምን አስጨነቃችሁ» ትላለች። እውነቷን ነው። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሟ ይህን ሰምቶ ልጁን ከፈተና ያስቀራል፤ ልጁ ደግሞ የሚያመለክተው ለእነ ዬል ነው። የኮሌጁን የራሱን ገጽ ከፍቶ የዘንድሮን ደንብ ያነበበ የለም። ቀብር ስንት ሰዓት እንደሆነ በሦስት ሰው የምናጣራ ሰዎች ይህን በአንድ ስልክ እንዘጋዋለን።

ከዚህ የሚብሰው ግን ፈተናውን ወስዶ ውጤቱን የሚደብቀው ልጅ ነው። ኤስኤቲ ከ1600 ይታረማል። ማስገባት በፈቃድ ሲሆን ከፍ ያለ ያመጣው ያስገባል፣ ዝቅ ያለው ይተወዋል፤ ስለዚህ ኮሌጁ «የገቡት ተማሪዎች ያመጡት» ብሎ የሚያወጣው ቁጥር ወደ ላይ ይሸሻል። የሚቀጥለው ዓመት አመልካች ያንን አይቶ፣ 1400 ይዞ «አፍራለሁ» ብሎ ይተወዋል። ዳርትማውዝ ፈተናውን ሲመልስ የራሱ መምህራን ባጠኑት ጥናት ላይ ተመሥርቶ ነበር። ያገኙት ነገር ወላጅ ሁሉ ቢሰማው ጥሩ ነው፦ ከድሃ ቤተሰብና ደካማ ትምህርት ቤት የመጡ ብዙ ልጆች ቢያስገቡት የሚጠቅማቸውን ውጤት ደብቀው ነበር። ቅበላ ክፍሉ 1400ን ብቻውን አያነብማ። ልጁ በተማረበት ትምህርት ቤት ሌላው ተማሪ ስንት እንደሚያመጣ ያያል፤ አብዛኛው ሺህ በሚያመጣበት ትምህርት ቤት 1400 ትልቅ ነገር ነው። አገር ቤት ቁጥሩ ዐውድ የለውም፤ እዚህ ዐውዱን ሊያዩለት ተዘጋጅተው ሳለ ልጁ ቁጥሩን ይዞባቸው ይቀራል።

ቁጥሩ ሲቀር ደግሞ ቦታው ባዶ ሆኖ አይቀርም። ጂፒኤ (የትምህርት ቤት አማካይ ውጤት) አለ፣ የመምህር ደብዳቤ አለ፣ ኤሴይ (ልጁ ስለ ራሱ የሚጽፈው ጽሑፍ) አለ፣ ከትምህርት ውጭ ምን ሠራህ የሚል አለ። ባለፈው መከር የጎረቤቴ ልጅ ኮመን አፕ የሚባለውን ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት የማመልከቻ ቅጽ ሲሞላ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ለአክቲቪቲ 10 መስመር ይሰጣል፤ እሱ አንዱን ብቻ ሞልቶ (የትምህርት ቤት እግር ኳስ ቡድን) ላፕቶፑን ሊዘጋ ነው። «ሌላ የለህም?» አልኩት።

«ምንም የለኝም ጋሼ። እኔ ክለብ ምናምን አልገባሁም።»

«ከትምህርት ቤት ስትወጣ የት ነው የምትሄደው?»

ታናናሾቹን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያመጣል፤ እናቱ ከሥራ እስክትመለስ ምሳቸውን አሙቆ የቤት ሥራ ያሠራል። አያቱን ለስኳርና ለደም ግፊት ክትትል ክሊኒክ ይዞ ሄዶ የሚያስተረጉመው እሱ ነው። ቅዳሜና እሑድ አጎቱ ሱቅ ይሠራል፤ ሒሳብ የሚዘጋውም እሱ ነው። ለእሱ ይህ «ቤት መሆን» ነው። ቅጹ ላይ ግን የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል ምድብ አለ፣ የሚከፈልበት ሥራ የሚልም አለ፤ ወርዶ አላየውም። እናቱ ደግሞ ከወጥ ቤት ሆና «የቤታችንን ጉድ ለፈረንጅ አትጻፍ!» አለች። እርሷን ማሳመን ልጁን ከማሳመን ይልቅ ጊዜ ፈጀ። እኛ ዘንድ ችግርን መደበቅ ጨዋነት ነው፤ እዚህ ደግሞ የቅበላ ክፍል ሰው ያልተጻፈለትን አያውቅም።

ባለጸጋው ቤት ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በገንዘብ ይቀጠራል። ኤሴይ የሚያርም፣ የበጋ ፕሮግራም የሚመርጥ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የልጁን «ታሪክ» የሚገነባ አማካሪ አለ። ፈተናም ቢሆን በገንዘብ አይገዛም ማለቴ አይደለም። በ2019 በተጋለጠው የቅበላ ቅሌት ሀብታሞች ውጤት ሲያስቀይሩና ልጆቻቸውን ያልተጫወቱት ስፖርት አትሌት አስመስለው ሲያስገቡ ተይዘዋል። ግን ቤተ መጻሕፍት ሄዶ፣ ካን አካዳሚ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያለውን ነፃ ልምምድ ሠርቶ 200 ነጥብ መጨመር የኛ ልጅ የሚያውቀው ዓይነት ልፋት ነው። ለኮሌጅ የሚጥም ሰው መምሰልን ግን ማን ያስተምረዋል? አገር ቤት ጭካኔው ግልጽ ነው፣ ለምን እንደወደቅህ ታውቃለህ። እዚህ «እናዝናለን» የሚል ደብዳቤ ይመጣል፤ ምን እንደጎደለህ የሚነግርህ የለም። ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ብገደድ ሁለቱንም ጥዬ ቁጥሩን ከነዐውዱ የሚያየውን እመርጣለሁ፤ ለዚህም ነው «ውጤትህን ላክ» የምለው። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ደግሞ ፈተናው ሁለት ጊዜ በነፃ ነው፤ የትምህርት ቤቱን ካውንስለር (አማካሪ) መጠየቅ ብቻ ይበቃል።

ወሬው አዲስ አበባም ደርሷል። የእኅቴ ልጅ በቴሌግራም «አጎቴ፣ ያለ ኤስኤቲ አሜሪካ ይቻላል አሉ» ብሎ ጻፈልኝ። ይቻላል። ግን እሱ የሚያስፈልገው መግባት ብቻ ሳይሆን ሙሉ ወጪውን የሚሸፍን ትምህርት ቤት ነው። የውጭ አገር አመልካችን የገንዘብ አቅም ሳያዩ ከሚቀበሉትና የጎደለውን ሁሉ ከሚሞሉት ጥቂቶች መካከል ሃርቫርድ፣ ኤምአይቲና ዳርትማውዝ ፈተና ይጠይቃሉ፤ አምኸርስትና ቦውደን አስገዳጅ አላደረጉትም። የእንግሊዝኛ ብቃት ማረጋገጫ የሚለው ጉዳይ ደግሞ ከኤስኤቲ ጋር አብሮ አልቀረም። ይህን ሁሉ በረጅሙ ጻፍኩለት። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ የሚፈተነው የራሱ ፈተና እንዳለበትም አልረሳሁም።

ያ ነፃ የፈተና ዕድል ግን አሜሪካ ላሉት ነው፣ ለእሱ አይሠራም። ክፍያው በዶላር ነው። ጥቂት ቆይቶ «እሺ፣ ልመዘገብ ነው» የሚል መልእክት መጣ፤ ከሥሩም «አጎቴ፣ ካርድህ ቪዛ ነው ማስተር?»