እርማት፦ የፊቱን ቀዳዳ ማስፋት ሞተር አያበርድም

ወንድሜ፣ በቤት የተሠራ ትንሽ አውሮፕላን ሞተሩ ከጋለ «የፊቱን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ አስፋው» ብለሃል። ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፤ ግን ልክ አይደለም፣ ኮፈን (የሞተሩ መሸፈኛ) የሚቆረጠውም በከንቱ ነው።

እንደ ላይካሚንግ ኦ-320 ያለውን በአየር የሚበርድ የትንሽ አውሮፕላን ሞተር የሚያበርደው በሲሊንደሮቹ መካከል ከላይ ወደ ታች የሚያልፈው አየር ነው። አየሩን የሚገፋው ደግሞ ከላይና ከታች ያለው የግፊት ልዩነት ነው። የአየሩ መውጫ ከጠበበ ከፊት የቱንም ያህል ብትከፍት አየሩ በመጣበት ይመለሳል።

እባክህ መጀመሪያ ማሸጊያውን እይ፤ ይኸውም አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመራው በሞተሩ ዙሪያ ያለው ቆርቆሮና ጠርዙ ላይ ሆኖ ኮፈኑን የሚነካው የሲሊኮን ጎማ ነው። ኮፈኑን አውልቀህ ገልብጠው። የሲሊኮኑ ጎማ የፈተገው ጥቁር መስመር ውስጡን ሳይቋረጥ ከዞረ ደህና ነው። መስመሩ የጠፋበት ቦታ ላይ ግን ጎማው ወደ ኋላ ታጥፎ አየር እያሾለከ ነው። ከዚያ ጨለማ ውስጥ ከታች በባትሪ አብራና ከላይ ተመልከት፤ በቆርቆሮውና በሞተሩ መካከል ብርሃን ካየህ በዚያም አየር ይባክናል። ጣት የማያስገባ ስንጥቅ እንኳ፣ ሲደማመር ብዙ ነው።

ሁሉም ሲሊንደሮች በሙሉ ጉልበት ሽቅብ ስትወጣ አብረው ከጋሉ፣ ነዳጁ ከአየሩ አንጻር አንሶ (ሳስቶ) ወይም የማቀጣጠያው ጊዜ ቀድሞ ሊሆን ይችላል፤ እሱንም አስፈትሽ።

ለሲሊንደር ራስ ሙቀት ደግሞ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ለሞተሩ ዕድሜ ሲባል በጉዞ ላይ ከ224 በታች ይያዝ።