ትዕግስት በተርሚን

«የታገሰ ከሚስቱ ይወልዳል» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱን የተረተው ሰው ጀርመን አገር ኖሮ ቢሆን ግን አንድ ነገር ይጨምርበት ነበር፤ አዋላጇን ቀድሞ በተርሚን ከያዘ። እዚህ ያለ ተርሚን፣ ማለትም ያለ ቀጠሮ፣ የሚሆን ነገር የለም። ሐኪም ተርሚን ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ተርሚን ነው፤ ተርሚኑን ለማግኘት ደግሞ ሌሊት ተነስቶ ኢንተርኔት ላይ ማፍጠጥ ነው። ቡና እንጠጣ ያልከው የሥራ ባልደረባህ እንኳ ካሌንደሩን አውጥቶ «የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ ይመችሃል?» ይልሃል። ሐሙስ እስኪደርስ አንተ ትረሳዋለህ። እሱ አይረሳም።

አዲስ ለመጣ ሰው የሚሰጠው ምክር ያው ነው፤ «ታገስ፣ ትለምደዋለህ»። ብርዱን፣ ቋንቋውን፣ ግብሩን ማለታቸው ከሆነ እሺ። ለሱ ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። አንጀት የሚያቃጥለው ትንሹ ነገር ነው። ለምሳሌ የደረጃ መጥረግ ተራ።

የምኖረው ሽቱትጋርት ነው። በዚህ አካባቢ ኬርቮኸ የሚሉት ነገር አለ፤ የመጥረግ ሳምንት። ተራህ ሲደርስ በርህ ላይ ትንሽ ሰሌዳ ተንጠልጥላ ታገኛለህ። ማን እንዳንጠለጠላት አይነገርም፤ ግን ሁሉም ያውቃል። ታች ቤት የሚኖሩት ባልቴት ናቸው። በልቤ እማማ እላቸዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሰሌዳዋ እኔ በር ላይ ነበረች። ደረጃውን አየሁት። ያለፈው ሳምንት ተረኛ እንዳጠበው አለ። ጭቃ ይዞ የወጣ የለም።

«ደረጃው እኮ አልቆሸሸም» አልኳቸው።

«ልክ ነዎት፣ አልቆሸሸም» አሉኝ። «ሳምንቱ ግን የእርስዎ ነው።»

ለዚህ ምን መልስ ይገኝለታል? መጥረጊያዬን አነሳሁ።

ኋላ ሳጣራ ነገሩ ሥር ያለው ሆኖ አገኘሁት። እንደ ፈረንጆቹ በ1492፣ እኛ ዘንድ አፄ እስክንድር ነግሠው ሳለ መሆኑ ነው፣ ባለጢሙ ኤበርሃርድ የተባሉት የዚህ አገር ገዢ የሽቱትጋርት ሰው በየሳምንቱ ፍጉን ከደጁ ጠርጎ እንዲያወጣ ደነገጉ። ፍጉ ከጠፋ ዘመን የለውም። ከተማውም ነዋሪውን የሚያስገድደውን ደንብ በ1988 ሽሮታል። የሻረው ግን ማዘጋጃ ቤቱ ነው። የኪራይ ውሌ አልሻረውም፤ እማማም አልሻሩትም።

እሑድ ደግሞ ሌላ ነው። እዚህ የእሑድ ዕረፍት በሕገ መንግሥት የተጠበቀ ነው። በ1919 የተጻፈውን አንቀጽ በ1949ኙ ሕገ መንግሥት ውስጥ እንዳለ አስገብተውት እስከ ዛሬ ይሠራል። ሱቅ ዝግ ነው። ግድግዳ መብሳት አይቻልም። ባዶ ጠርሙስ ወስዶ ገንዳ ውስጥ መወርወርም አይቻልም፣ ስለሚንኳኳ። ሰንበት በመሻራችን ስትቆጣን የኖረች አያቴ ይህን ብታይ «እነዚህስ ክርስቲያን ናቸው» ብላ ትመርቃቸው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ መሆኑን ባልነግራት ነው።

የምግቡን ነገር ግን እኔም ገና አልጨረስኩትም። ጀርመን የሚጠይቅህ አንዴ ነው። «ትበላለህ?» ይልሃል። አንተ በወጉ «ኧረ ምንም አልል፣ በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለህ። በቃ። ሳህኑን አንስቶ ይሄዳል። አንተ ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቅክ ነው። ሦስተኛው ላይ እሺ ልትል ነበር። ሰውየው ግን ቃልህን አክብሮ አጠገብህ ቁጭ ብሎ ይበላል። በዚህ ምክንያት ጦሙን ያደረ ሀበሻ ቢቆጠር ሁዳዴን የሚጦመው ሰው ያንሳል።

ወደ ቡናው ልምጣ። አክስቴ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ ነው። «ጎረቤት ሳይጠራ ምን ቡና አለ?» አለች። ለእማማ ተርሚን ያዝንላቸው፤ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዘጠኝ ከአንድ እንኳ ሳይል፣ ደወሉ ጮኸ። ባለቤቴ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ከሻወር እየወጣች ነበር። እማማ ራሳቸው የጋገሩትን የፖም ኬክ ይዘው ቆመዋል።

አክስቴ ቡናውን ቆልታ ጭሱን በየተራ አሸተተችን። እማማ ሳል እየተናነቃቸው «ደስ ይላል» አሉ። ከዚያ ዕጣኑ ተጨመረ። በኛ ክፍለ አገር ከ2015 ጀምሮ መኝታ ቤትና መውጫ ኮሪደር ላይ ጭስ ጠቋሚ መግጠም ግዴታ ነው። ኮሪደሩ ላይ ያለችው ጠቋሚ የአክስቴን ዕጣን ስትቀምስ ጩኸቷን ለቀቀችው። አክስቴ አማተበች። እኔ ወንበር ፍለጋ ስራወጥ እማማ ተነሱ፣ በር ሥር የተደገፈውን መጥረጊያዬን አነሱና በእጀታው ቁልፏን ጫን አደረጓት። ጸጥ። መጥረጊያውን ወደ ቦታው ሲመልሱ ግን ገልመጥ አድርገው አዩት። አቧራ ነበረው መሰለኝ።

አቦሉን ጠጡ። «ግሩም ነው፣ አመሰግናለሁ» ብለው ቦርሳቸውን አነሱ።

«ወዴት ወዴት!» አለች አክስቴ። «ኧረ በሞቴ እትዬ! ገና ቶናው ሳይቀዳ? በረካ ሳይደርስ መሄድማ ነውር ነው!»

አማርኛ ባይችሉም ፊቷን አይተው ተቀመጡ። ጀበናው ተመልሶ ተጣደ። እማማ ጀበናውን ያያሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። አስር ተኩል ላይ ሌሎቹ እንግዶች ደረሱ። እነሱም የተጠሩት ለዘጠኝ ነው። አክስቴ «እሰይ፣ በጊዜ መጣችሁ» ብላ ተቀበለቻቸው። መሳሳሙ ተጀመረ። ልጆች እንዴት ናቸው፣ እናትህ እንዴት ናቸው፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ደግሞ ልጆች እንዴት ናቸው። እማማም አልቀረላቸውም፤ በግራ በቀኝ ተሳሙ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ፈንዲሻ ተበተነ። በረካ ሲደርስ ውጪው ጨልሟል።

እንግዲህ ትዕግስት ካልን ይህ ነው። እኔ የታገስኩት አንድ ደረጃ ነው። እሳቸው በአንድ ከሰዓት ጭሱን፣ ጩኸቱን፣ ሦስት ሲኒውንና የአክስቴን «በሞቴ» ቻሉት። ይህን ግን ማንም አይቆጥርላቸውም። እኛ ስንሰባሰብ ወሬያችን ሁልጊዜ የእነሱ ጠባይ እንዴት እንደሚከብድ ነው።

በር ላይ ሲሰናበቱን «በጣም ደስ የሚል ነበር» አሉ። «በሚቀጥለው ግን እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ቀድመው ቢነግሩኝ።»

የዚያን ለት ሳቅን። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴ ለልጃችን ልደት ዘመድ ስትጠራ ቴሌግራም ላይ «ከዘጠኝ እስከ አስራ ሁለት ሰዓት» ብላ ጻፈች። ፍራንክፈርት ያለ አጎቷ ወዲያው ደወለ። «ልደት ነው ስብሰባ? ለቅሶ ቤት እንኳ መውጫ ሰዓት አይሉም!» አለና ዘጋው። ያም ሆኖ መጣ። አስራ አንድ ተኩል ላይ።

አሁን ደግሞ ከኛ በላይ ያለው ቤት ሀበሻ ባልና ሚስት ገብተውበታል። ጨዋ ልጆች ናቸው። ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ሥዕል ሊሰቅሉ ነው መሰለኝ ግድግዳ መብሳት ጀመሩ። ጆሮዬን ይዤ ትንሽ ጠበቅሁ። አላቆሙም። እማማ ሳይቀድሙኝ ብዬ ወጥቼ አንኳኳሁ።

«ወንድሜ፣ እሑድ እኮ ነው» አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ውይ ጋሼ፣ ይቅርታ!» አለ ልጁ መብሻውን ከኋላው እየደበቀ። «ይግቡ እንጂ፣ ቡና እየተቆላ ነው።»

«እስከ ስንት ሰዓት ነው?» አልኩት።