ብረት ከመቆረጡ በፊት

በጎንደር በብረታ ብረትና በእንጨት ሥራ የተሰማሩ ወጣቶችን ስለማገዝ በተነሳ ቁጥር የሚጠቀሱት የመሥሪያ ቦታ፣ ብድርና ማሽን ናቸው። ሦስቱም የግድ ያስፈልጋሉ። ይሁን እንጂ የሚመረተው ዕቃ ምን ዓይነት ይሁን፣ ማን ይጠቀምበት፣ በስንት ወጪ ይሠራ የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ በባለሙያ ካልተመለሰ፣ ብድሩም ማሽኑም ከሌላ ቦታ የመጣ ዕቃ መቅጃ ከመሆን አያልፍም። በሌሎች አገሮች አምራቾች ይህን ሥራ ለኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ድርጅቶች ይሰጣሉ። ጎንደርም እንዲህ ያለ ድርጅት ያስፈልጋታል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

የንድፍ ባለሙያ ሥራው የዕቃን መልክ ማሳመር ብቻ ይመስለን ይሆናል። መልክ ከሥራው አንዱ ክፍል እንጂ መነሻው አይደለም። ባለሙያዎቹ በመጀመሪያ ተጠቃሚው ዘንድ ሄደው እጁ የት ላይ እንደሚደክም፣ ምን እንደሚያስቸግረው፣ ችግሩን በምን ዘዴ እንደሚያልፈው ይመለከታሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ንድፎችን ይሥላሉ፤ ከካርቶንና ከእንጨት ሞዴል ይሠራሉ፤ የሚሠራ ናሙና አዘጋጅተው ለተጠቃሚው ሰጥተው ያስሞክራሉ፤ ጉድለቱንም አርመው እንደገና ያስሞክራሉ። አምራቹ እጅ የሚገባው የመጨረሻ ሰነድ እያንዳንዱን ልኬት፣ የጥሬ ዕቃውን ዓይነት፣ የአመራረቱን ዘዴና የሚጠበቀውን ወጪ የያዘ ነው። ለፕላስቲክ ዕቃ የብረት ሞልድ (የቀለጠው ፕላስቲክ ገብቶ ቅርጽ የሚይዝበት) አንዴ ከተቀረጸ በኋላ ስህተትን ማረም እጅግ ውድ ስለሆነ፣ የማያዋጣ ሐሳብ መውደቅ ያለበት ገና ወረቀትና ካርቶን ላይ ሳለ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ኦክሶ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ታሪክ ነው። የኩባንያው መሥራች ሳም ፋርበር ባለቤቱ ቤትሲ በእጇ የመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያት በተለመደው ቀጭን የብረት የአትክልት መላጫ መሥራት ሲያስቸግራት አየ፤ ጉዳዩንም ስማርት ዲዛይን ለተባለ የኒው ዮርክ ንድፍ ድርጅት አቀረበ። ባለሙያዎቹ ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አነጋግረው፣ ብዙ ዓይነት እጀታዎችን በናሙና ከፈተኑ በኋላ፣ እርጥብ እጅ እንኳ የማያንሸራትተው ወፍራምና ለስላሳ እጀታ ላይ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ የዋለው ይህ መላጫ እጃቸው ለሚያማቸው ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ሰው የሚመች ሆኖ ተገኘ። የንድፍ ድርጅቱም መጠነኛ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ቀሪውን ከሽያጩ ድርሻ ለማግኘት ነበር የተስማማው።

ወደ ራሳችን ማዕድ ቤት እንመለስና የኤሌክትሪክ ምጣድን እንመልከት። ከሸክላው ሥር በተቦረቦረው መስመር የሚግለው ሽቦ ይዘረጋል፤ ዙሪያው በላሜራ ይሸፈናል፤ እግር ይበየድለታል፤ አክንባሎ ይደረግለታል። ብዙውን ጊዜ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ኃይል የሚወስድ ዕቃ ሆኖ ሳለ፣ ከሥሩ ሙቀት የሚከላከል ነገር በአግባቡ ካልተደረገለት የምንከፍልበት ሙቀት ወደ ወለሉ ይባክናል። እግሩ አጭር ከሆነ ጋጋሪዋ እንጀራው እስኪያልቅ ጎንበስ ብላ ትቆያለች። ሽቦው ሲቃጠል ወይም ሸክላው ሲሰነጠቅ ደግሞ ጠቅላላ ዕቃው ተፈታቶ እንደ አዲስ መሠራት አለበት። እግሩ እንደ ጋጋሪዋ ቁመት ቢስተካከልስ? ሸክላው ጥቂት ብሎኖችን በመፍታት ብቻ ቢቀየርስ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሳው ባለሙያ በያጁን ለመተካት አይመጣም። በያጁ ብረቱን ያውቃል፤ ጋጋሪዋ ምጣዱን ታውቃለች፤ የንድፍ ባለሙያው የሁለቱን ዕውቀት በአንድ ሥዕል ላይ ያገናኛል።

ጎንደር ለዚህ አሠራር እንግዳ አይደለችም። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በቡድን እያደረገ ወደ ማኅበረሰቡ ይልክ ነበር፤ የሕዝቡን ችግር በሚኖርበት ቦታ ሆነው እንዲያዩ ማለት ነው። ያንኑ ልምድ የምህንድስና ተማሪዎች ወደ ማዕድ ቤት፣ ወደ ወርክሾፕ፣ በመተማ ደግሞ ሰሊጥ እየረገፈ ምርት ወደሚባክንበት ማሳ ቢወስዱት ለአምራቾቻችን ትልቅ ጥቅም ይሆን ነበር።

አንድ አነስተኛ ማኅበር ለንድፍ የሚከፍለው ገንዘብ ከየት ያመጣል የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው። ለዚህ ነው የኦክሶን የክፍያ ስምምነት ያነሳሁት። ተመሳሳይ ዕቃ የሚሠሩ ማኅበራት የመነሻውን ወጪ ተጋርተው፣ ቀሪውን ከሽያጭ በሚገኝ ድርሻ ሊከፍሉ ይችላሉ። ለአምራቾች ከሚሰጠው ብድር የተወሰነው ለናሙና ሥራ እንዲውል ማድረግም ይቻላል፤ ያልተፈተነ ዕቃ በብዛት አምርቶ መጋዘን ውስጥ ከማከማቸት ይህ በእጅጉ ይረክሳል።

ከሥራው በፊት መታሰር ያለበት ውል ግን አለ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 ለተመዘገበ አዲስ ንድፍ የ5 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ጥበቃውም ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ለተጨማሪ 5 ዓመታት ሊራዘም ይችላል። ስለዚህ ንድፉ የአምራቹ ይሁን የባለሙያው፣ ምዝገባውን ማን ያስፈጽም፣ ሥዕሉ ለሌላ ወርክሾፕ ቢሰጥ ምን ይደረግ የሚሉት ነጥቦች የመጀመሪያው ናሙና ከመሠራቱ በፊት ተጽፈው በሁለቱም ወገን ሊፈረሙ ይገባል።